ለዱር እንስሳት የሚሆኑ ፍሬ ሰጪ ዛፎችን በፀደይ መትከል፦ ከዕቅዱ እስከ ሦስተኛው ዓመት

አርባ ችግኝ ተክለው በዓመቱ ስምንት የቀራቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚያነሱት የዝርያ ነገር ነው። «ሌላ ዓይነት ብናመጣ ይሻል ነበር?» ይላሉ። ቦታው ድረስ ሄጄ የማየው ግን ሌላ ነው። ሣሩ ችግኙን ውጦታል፤ ወይም ቅርፊቱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ተልጧል፤ ወይም ደግሞ ዛፉ የተተከለው ዝናብ ባባራ በሦስተኛው ቀን እንኳ ውሃ በሚያቁር ስርጉድ ላይ ነው። ዝርያ ቢለወጥ ከነዚህ አንዱም አይድንም ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ልክ ያዙ፦ የምትተክሉት ዛፍ ማጠርና ማጠጣት ከምትችሉት ቁጥር አይብለጥ። ታጥረውና ታርመው ያደጉ አሥራ አምስት ዛፎች ሜዳ ላይ ከተበተኑ መቶ ችግኞች ይልቅ ብዙ ወፍና አውሬ ይመግባሉ።

ፀደይ ስል ብርዱ ለቆ፣ መሬቱም ለአካፋ እሺ ብሎ፣ እንቡጥ ግን ገና ሳይፈነዳ ያለውን አጭር ጊዜ ማለቴ ነው። እዚህ የማነሳቸው ፖም፣ ፒር፣ ኦክ (ጠንካራ ፍሬ የሚያወርድ ትልቅ የጫካ ዛፍ)፣ ቼስትነት (ለውዝ መሰል ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ) እና የመሳሰሉት ቅጠላቸውን አራግፈው የሚያንቀላፉበት የብርድ ወራት ይፈልጋሉ። ብርድ በማያውቅ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች የዝርያውን ክፍል ዝለሉት፤ የመሬት ፈተናው፣ አተካከሉና አጥሩ ግን ለእናንተም ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ቁጠሩ

ፍሬ ዛፍ ላይ በሚታይበት ወቅት መሬታችሁን በእግር ዙሩ። ደብተር ያዙ። በሌሎች ዛፎች ጥላ ተውጦ ፍሬ መስጠት ያቆመ የዱር ፖም ወይም ኦክ ካገኛችሁ ምልክት አድርጉበት። እንዲህ ያለውን ዛፍ ፀሐይ እንዲያገኝ ማድረግ በሁለትና በሦስት ዓመት ፍሬ ያስገኛል፤ አዲስ ችግኝ ግን ብዙ ጊዜ ከአምስት ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ሰው ይህን ሥራ የማይወደው አዲስ ነገር የመትከል ደስታ ስለሌለው ይመስለኛል።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ፀሐይ የሚከለክሉትን ጎረቤት ዛፎች በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ከፀሐይ መግቢያው ጎን ጀምራችሁ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ከፋፍሉት። ለዓመታት በጥላ የኖረ ግንድ ድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል።
2. በእንቅልፍ ወቅት የዱር ፖሙን የደረቁ ቅርንጫፎች አንሱ። ከሕያው ቅርንጫፍ በአንድ ዓመት ከሲሶው በላይ አትግረዙ።
3. ከመቁረጣችሁ በፊት ጎጆና የግንድ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። ቀዳዳ ያለው የደረቀ ዛፍ ሰውና ቤት ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይቆይ፤ ለብዙ ወፎች ከፍራፍሬ ዛፍ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

በደብተራችሁ ላይ ምን ፍሬ በየትኛው ወቅት እንደሚወርድ ጻፉ። ምንም የማይወርድበት ክፍተት ጎልቶ ይታያችኋል። የምትተክሉት ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ደረጃ 2፦ መሬቱን ፈትኑ

የውሃ ፈተና። ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ይበዛል፤ ለሞቱ ችግኞችም አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ለመትከል ባሰባችሁበት በእያንዳንዱ ቦታ እንዲህ አድርጉ፦

1. ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ።
2. እስከ አፉ ውሃ ሙሉትና እስኪጠልቅ ተዉት። ይህ ዙር አፈሩን ለማርጠብ ብቻ ስለሆነ አይለካም።
3. እንደገና ሙሉት። አንድ እንጨት አግድም አስቀምጡና ከእንጨቱ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ለኩ።
4. ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ።

ውሃው በሰዓት ከ2.5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ቦታው ለአብዛኞቹ ዛፎች ይሆናል። ከ2.5 በታች ከሆነ ያ መሬት ውሃ ያቁራል፤ ቼስትነትና ፖም እዚያ አትትከሉ። በተለይ ቼስትነት ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ አፈሩን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሰፊ ጉብታ ሥሩና ጉብታው ላይ ትከሉ። ጠባብ ጉብታ ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ቢያንስ የአንድ ሜትር ተኩል ስፋት ይኑረው። ጉድጓዱን አጥልቆ ጠጠር መጨመር መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ፤ የሚገኘው ውጤት ግን ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው።

አሲዳማነት። አፈሩን አስመርምሩ። ፖምና ፒር ፒኤች ከ6 እስከ 7 ባለው አፈር ይስማማቸዋል። ቼስትነት ከ5 እስከ 6.5 ይፈልጋል፤ ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። አፈሩ ለፖም ከመጠን በላይ አሲዳማ ሆኖ ኖራ መጨመር ካለባችሁ ከተከላው ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ ጨምሩ፤ ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በእኔ እምነት አፈርን ከመቀየር ለአፈሩ የሚስማማ ዛፍ መምረጥ ይቀላል።

ውርጭ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል። ሸለቆ ውስጥ ወይም በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ በታገደ ተዳፋት ግርጌ የተተከለ ፖም አበባው ይመታል። ሙሉ በሙሉ ከፈነዳ የፖም አበባ በ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ከአሥሩ አንዱ ያህል ይሞታል፤ በ3.9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ። ተዳፋት ካላችሁ ወገቡ ላይ ትከሉ።

የማይተከልበት ቦታ። ከመኪና መንገድ አጠገብ አትትከሉ፤ ፍሬ ሊለቅም የመጣ አጋዘን ጉዳቱን ለራሱም ለሾፌሩም ያመጣል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ በታች አትትከሉ። ድብ ባለበት አገር ከመኖሪያ ቤት አርቁ። ፀሐይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት የማያገኝ ቦታም ይለፍ፤ ዛፉ ይኖራል፣ ፍሬው ግን የለም።

ቦታ ስትመርጡ የእንስሳውን ፍርሃትም አስቡ። አውሬ ገላጣ ሜዳ መሐል ቆሞ መብላት አይወድም። ከጫካ ወይም ከቁጥቋጦ ዳር ትንሽ ፈቀቅ ያለ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ጠርዝ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ደረጃ 3፦ ዝርያውን በሚወርድበት ወቅት ምረጡ

ዓመቱን እንደ ገበታ አስቡት። ሙቀቱ ሲጀምር የእንጆሪ ዛፍ (የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው) ፍሬውን ያራግፋል፤ ወፎች ዛፉ ላይ ሳሉ ይጨርሱታል። ቀጥሎ ፕሪም፣ ከዚያ ቀደምት ፖሞች ይመጣሉ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ፒር፣ ዘግይቶ የሚደርስ ፖምና ቼስትነት ይወርዳሉ። የኦክ ፍሬ ይከተላል። ብርዱ ከገባ በኋላ ደግሞ ፍሬያቸውን ይዘው የሚቆዩ ደቃቅ የዱር ፖሞችና ፐርሲመን (ጣፋጭ ብርቱካንማ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ) አሉ። ብዙ ሰው ሁሉንም ዛፉን ከአንድ ወቅት ይገዛል። ከዚያ በሁለት ሳምንት ፍሬው ሁሉ ይወርድና የቀረው ዓመት ባዶ ይሆናል።

ስለ ኦክ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦክ ሁለት ትልልቅ ቤተሰብ አለው። የነጭ ኦክ ወገን ፍሬ በአንድ ዓመት ይበስላል፤ ምሬቱ አነስተኛ ስለሆነ እንስሳት ቀድመው ይጨርሱታል፣ የተረፈውም ወዲያው ይበቅላል። የቀይ ኦክ ወገን ፍሬ ለመብሰል ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ መራራ ነው፤ እስከ ቀጣዩ ፀደይ ስለማይበቅል ብርዱን በሙሉ መሬት ላይ ይቆያል። አንድ ዓመት የፀደይ ውርጭ አበባ ቢመታ ነጭ ኦኩ የዚያን ዓመት ምርት ያጣል፤ ቀይ ኦኩ ግን ፍሬው ካለፈው ዓመት አበባ የመጣ ስለሆነ ምርቱን ይሰጥና ጉድለቱ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ትከሉ። ኦክ በአንድ ዓመት አትረፍርፎ በሌላው ባዶውን የሚውል ዛፍ ስለሆነ አንድ ዝርያ ላይ ብቻ አትመኩ።

ትዕግሥትም ይለያያል። ሃዘልነት (ቁጥቋጦ መሰል የለውዝ ዛፍ) ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራል። የቻይና ቼስትነት ከ4 እስከ 7 ዓመት ውስጥ። ከዘር የበቀለ ፖም ከ6 እስከ 10 ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የተዳቀለው (ቅርንጫፉ በሌላ ዛፍ ሥር ላይ የተቀጠለው) ቀድሞ ያፈራል። ነጭ ኦክ 20 ዓመት ገደማ ያስጠብቃል። ስለዚህ ለራሳችሁ ሃዘልነት፣ ለልጆቻችሁ ኦክ ትከሉ።

ተጓዳኝ ዛፍ (ፍሬ እንዲይዝ ብናኝ የሚሰጠው)። ይህን ሳታረጋግጡ ትእዛዝ አትስጡ፦

- ፖምና ፒር ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች፣ አበባቸው በአንድ ሰሞን የሚፈነዳ፣ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ዓይነት ፖም አሥር ቢተከል አሥሩም አንድ ዛፍ እንደማለት ነው። አንዳንድ የፖም ዓይነቶች ደግሞ ብናኛቸው መካን ስለሆነ ለሌላው አይጠቅሙም። ደቃቅ የዱር ፖም ለብዙው ፖም ጥሩ ተጓዳኝ ነው።
- ቼስትነትና ሃዘልነት በራሳቸው ብናኝ አያፈሩም። ሁለት የተለያዩ፣ ተቀራርበው የተተከሉ ዛፎች ይኑሩ።
- አሜሪካዊው ፐርሲመን ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ከዘር የበቀለ አንድ ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት አበባ ሳያወጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ ቢያንስ አምስት ያህል በአንድ ላይ ትከሉ፣ ወይም ሴትነቷ የታወቀ የተዳቀለች ችግኝ ግዙ።

አትግዙ ወይም አርቁ። ጥቁር ዋልነት ከሥሩ ጁግሎን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ፖም አጠገቡ ይደርቃል። ቢያንስ 20 ሜትር አራርቁ። ካለሪ ፒር የሚባለው የጌጥ ዛፍ ወፎች ዘሩን በየቦታው ስለሚበትኑት ወራሪ ሆኗል፤ በአሜሪካ ኦሃዮ ከ2023 ጀምሮ መሸጡም መተከሉም ተከልክሏል። በአካባቢያችሁ የተከለከለ ዛፍ መኖሩን ሳታጣሩ ገንዘብ አትክፈሉ። የአሜሪካ ቼስትነት በፈንገስ በሽታ ስለሚጠቃ በሽታውን የሚቋቋም የቻይና ወይም ከቻይናው ጋር የተደባለቀ ዘር ያለው ዓይነት ውሰዱ። ፖም የምትተክሉበት አካባቢ ጥድ ከበዛበት የቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ከጥዱ ወደ ፖሙ ይሻገራል፤ ዝገት የሚቋቋም የፖም ዓይነት ፈልጉ። ከብት የሚገባበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ፕሪምንና የቼሪ ወገኖችን ተጠንቀቁ፤ የጠወለገ ቅጠላቸው ውስጥ ሳይናይድ ይፈጠራል፣ ከብት ይገድላል።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ወስኑ፣ ችካል ምቱ

አሁን ሒሳብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዝናብ በጠፋበት ሳምንት ለአንድ ዛፍ 20 ሊትር ያስፈልጋል። ሃያ ዛፍ ማለት በየሳምንቱ ሃያ ጀሪካን ነው። ከውሃው እስከ ዛፉ ያለውን ርቀት አንድ ሙሉ ጀሪካን ተሸክማችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ቁጥሩን ወስኑ። ይህን ሙከራ ያደረገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሳል።

ርቀቱ እንዲህ ይሁን፦ ሃዘልነት ከ3 እስከ 4.5 ሜትር፣ ፕሪም ከ4.5 እስከ 6፣ ፐርሲመን 6 ያህል፣ ትልቅ የሚሆን ፖም ከ7.5 እስከ 9፣ ቼስትነትና ኦክ ከ9 እስከ 12። ሃዘልነትን አንድ ላይ አጠጋግታችሁ ብትተክሉት ግን አይከፋም፤ ጥቅጥቅ ብሎ መደበቂያ ይሆናል።

ችካሎቹን አሁን፣ ችግኙ ሳይመጣ ምቱ። በሲባጎ ለኩ። በወረቀት ላይ ካርታ ሥሩና በእያንዳንዱ ነጥብ የሚተከለውን ዝርያ ጻፉ። የተከላ ቀን አካፋ በእጅ፣ ችግኝ በባልዲ ይዞ «ይሄ የት ነበር?» ማለት ሥር ያደርቃል።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ አጥሩን፣ ከዚያ ችግኙን ግዙ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሽቦው፣ ካስማውና ጉዝጓዙ (በችግኙ ዙሪያ አፈሩ ላይ የሚነጠፈው ሽፋን) ቤት ሳይገባ ችግኝ አትዘዙ። ችግኝ ከመጣ በኋላ «አጥሩን በሚቀጥለው ሳምንት» ያለ ሰው ስንቴ እንዳየሁ! አጋዘን አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ባዶ ሥሩን የሚመጣ፣ አፈር የሌለው ችግኝ ርካሽና ለመትከል ቀላል ነው። ብርዱ ሳይገባ እዘዙ፤ የሚፈለጉት ዓይነቶች ቶሎ ያልቃሉ። በቀጭን ግንድ ላይ ከመጠን በላይ ረዝሞ የወጣ ሳይሆን ሥሩ የበዛ ችግኝ ምረጡ። ትልቅ ችግኝ የተሻለ ይመስላል፤ ግን ከተነቀለ ሥሩ ለቁመቱ አይበቃውም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ትንሹ ይቀድመዋል።

ለኦክ ርካሽ መንገድም አለ፦ ፍሬውን በቀጥታ መዝራት። ፍሬውን ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ የተንሳፈፈው ብዙውን ጊዜ ትል የበላው ስለሆነ ጣሉት። የነጭ ኦኩን እንደወረደ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ዝሩት። የቀይ ኦኩን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅዝቃዜ ላይ አቆይታችሁ በፀደይ ዝሩ። ጥልቀቱ ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ፍሬው በጎኑ ተኝቶ። አይጥና ሽኮኮ ቆፍረው እንዳያወጡት ላዩን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ።

ደረጃ 6፦ ችግኙ የመጣ ዕለት

ጥቅሉን ያኔውኑ ፍቱ። ሥሩ እርጥብ መሆኑን ዳብሱ። ፐርሲመን ያዘዘ ሰው ሥሩ እንደ ከሰል ጥቁር ሆኖ ሲያይ ይደነግጣል፤ አትጣሉት፣ ተፈጥሮው ነው። ጥፍራችሁን አስገብታችሁ ጫሩት፤ ውስጡ እርጥብና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ለስላሳና ሽታ ያለው ሥር ግን በስብሷል፤ ፎቶ አንሱና በዚያው ቀን ለሻጩ አሳውቁ።

በዚያ ሳምንት መትከል ካልቻላችሁ ጥላ ያለበት ቦታ አግድም ቦይ ቆፍሩ፣ ችግኞቹን አጋድማችሁ ሥራቸውን በእርጥብ አፈር ሸፍኑ። በባልዲ ውሃ ውስጥ ለቀናት ማቆየት ሥሩን አየር አሳጥቶ ይገድለዋል።

ደረጃ 7፦ አተካከል፣ በቅደም ተከተል

ደመናማ ቀን ምረጡ። ንፋስና ፀሐይ ላይ የተጋለጠ ቀጭን ሥር በደቂቃዎች ይደርቃል። ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይሞላል።

1. ከመትከላችሁ በፊት ሥሩን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ዝፈቁት። ወደ ጉድጓዱ ስትሄዱም ባልዲው ውስጥ እንዳለ ውሰዱት።
2. ቢያንስ የአንድ ሜትር ክብ ላይ ሣሩን ከነሥሩ አንሱ።
3. ጉድጓዱን ቆፍሩ። ስፋቱ ሥሩ ሲዘረጋ ካለው ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ጥልቀቱ ግን ከሥሩ ቁመት አይብለጥ። ከዚህ ጠልቆ የተቆፈረ ጉድጓድ በኋላ ይሰርግና ግንዱን ይቀብረዋል።
4. አፈሩ ሸክላ ከሆነ አካፋው ግድግዳውን እንደ ማሰሮ ያለሰልሰዋል። በአካፋው ጫፍ ቧጭሩት፤ አለበለዚያ ሥር አይወጣም፣ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል።
5. የተሰበረውን ሥር በሰላ መቀስ ቁረጡ። ረጅም ሥር ጉድጓዱ ውስጥ አትጠምዝዙ። ወይ ጉድጓዱን አስፉ፣ ወይ ሥሩን አሳጥሩ። ተጠምዝዞ የተቀበረ ሥር ከዓመታት በኋላ ዛፉን ያንቀዋል።
6. ዛፉን ቁሙት። የአካፋውን እጀታ በጉድጓዱ አፍ ላይ አግድም አስቀምጡና ለኩ። ግንዱ ሰፋ ብሎ ወደ ሥር የሚለወጥበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ችግኙ የተዳቀለ ከሆነ የተዳቀለበት ጉብታ ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይቆይ። ከተቀበረ ላይኛው ግንድ ራሱ ሥር ያበቅልና ዛፉ ከታሰበው በላይ ይገዝፋል።
7. ያወጣችሁትን አፈር ራሱን መልሱ። ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ማዳበሪያ ጉድጓዱ ውስጥ አትጨምሩ። ማዳበሪያ አዲስ ሥር ያቃጥላል፤ የለማ ጉድጓድም ሥሩን ከዚያ እንዳይወጣ ያሰንፈዋል።
8. ግማሽ ሲሞላ ውሃ አፍስሱ፣ አፈሩ ይቀመጥ። ከዚያ ቀሪውን ሙሉና በእጅ ጫን በሉት። በጫማ ተረከዝ አትርገጡት።
9. ከ15 እስከ 20 ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ አጠጡ።
10. ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ አልብሱት። ከግንዱ ዙሪያ የእጅ መዳፍ ያህል ባዶ ተዉ።

አሥረኛውን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ነው። አንድ ዓመት ጉዝጓዙን ግንድ ላይ እንደ ጉብታ ከምሬ ተውኩት፤ ማሞቂያ የሆነለት መስሎኝ። በረዶው ሲሟሟ ከጉዝጓዙ ሥር የአይጦች ዋሻ አገኘሁ። የአሥራ አንድ ፖም ግንድ ዙሪያውን እንደ ተላጠ ድንች ነጭ ሆኗል፤ የጥርሱ ጭረት ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። ከላይ እንቡጡ ሁሉ ጤነኛ ይመስል ነበር። በሚቀጥለው ወር አንዱም አልፈነዳም።

ደረጃ 8፦ በዚያው ቀን እጠሩ

ጠላት ሁለት ነው፤ ከታች የሚልጥና ከላይ የሚግጥ። አንድ አጥር ሁለቱን አይከለክልም።

ለታችኛው፦ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት ሽቦ፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ግንዱን ሳይነካ በክብ አዙሩበት፤ 5 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይግባ። የዶሮ ሽቦ አይበቃም፤ አይጥ ያልፈዋል። በረዶ የሚከመርበት አገር ከሆነ ሽቦው ይርዘም፤ ጥንቸል በረዶው ላይ ቆማ ነው የምትልጠው።

ለላይኛው፦ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ጠንካራ ሽቦ በ1.2 ሜትር ስፋት በክብ ማጠር ነው፤ ለአንድ ዛፍ 4 ሜትር ሽቦ ይበቃል። በሁለት ካስማ እሰሩት። ፖምና ፒር ቅርንጫፍ ስለሚዘረጉ ይህ ይመቻቸዋል። ሁለተኛው 1.5 ሜትር የሆነ፣ የአየር ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ለኦክና ለቼስትነት ጥሩ ነው። ቱቦ ከመረጣችሁ ግርጌውን መሬት ውስጥ ትንሽ ቅበሩ፣ አፉን በመረብ ሸፍኑ። መረብ ካልተደረገ ትንንሽ ወፎች ገብተው መውጣት ያቅታቸዋል። ለወፍ ብለን በተከልነው ዛፍ ወፍ ሞታ ማግኘት ደስ አይልም። ጫፉ ወደ ቱቦው አፍ ሲደርስ መረቡን አንሱ፤ አለበለዚያ ጠምዝዞ ያሳድገዋል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ሙቀት

በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ካልዘነበ አጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አታርከፍክፉ፤ ሥሩ ወደ ላይ ይመጣል። በሳምንት አንዴ 20 ሊትሩን በዝግታ ስጡት። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈር ውስጥ አስገቡ፤ በጣት ጥልቀት እርጥብ ከሆነ ተዉት።

የአንድ ሜትሩ ክብ ሣር አልባ ሆኖ ይቆይ። ሣር ከአጋዘን እኩል ዛፍ ይገድላል፤ ልዩነቱ ዝም ብሎ መግደሉ ነው። በሣር ማጨጃ ማሽን ግን ግንዱ አጠገብ አትጠጉ፣ በእጅ ንቀሉ። ከክቡ ውጭ ያለውን ሣር ወፎች መሬት ላይ በሚፈለፍሉበት ወቅት አትጨዱት።

በዚህ ዓመት ማዳበሪያ የለም። ፍሬ ቢይዝም ገና ጠብታ ሳለ አንሱት፤ ጉልበቱ ለሥር ይሁን።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት

ሥራው ይቀንሳል። በእንቅልፍ ወቅት የተሰበረውንና የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። ለገበያ እንደሚያመርት ሰው ዛፉን ማሳመር አያስፈልግም፤ የታችኛው ቅርንጫፍ ለአጋዘን፣ የተጠላለፈው ለወፍ ጎጆ ይጠቅማል። አጥሮቹን በዓመት ሁለቴ ዙሩና ሽቦው ግንዱ ውስጥ እየገባ ከሆነ አስፉት። ቱቦውን ግንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲወፍር፣ በእንቅልፍ ወቅት አንሱት። ቱቦው ተቸኩሎ በሙቀት ወራት የተነሣለት ዛፍ መቆም አቅቶት ይጎብጣል፤ ከደረሰባችሁ ለስለስ ባለ ማሰሪያ ከካስማ ጋር እሰሩትና ለአንድ ዓመት ይቆይ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሌሎቹ ቅጠል አወጡ፣ አንዱ ዝም አለ። በጥፍር ቅርፊቱን ጫሩ። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ካለ ታገሡ፤ ፐርሲመን በተለይ ከሁሉ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ጫሩ። ግርጌው አረንጓዴ ከሆነ ከዚያ ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

ከሥር የወጣው ቡቃያ ከላይኛው ፈጠነ። በተዳቀለ ዛፍ ላይ ከጉብታው በታች የወጣ ከሆነ የሌላ ዛፍ ነው፤ ወዲያው ከመነሻው ንቀሉት። ከተዋችሁት በሁለት ዓመት የገዛችሁት ዛፍ ሞቶ ያልገዛችሁት ይቆማል።

የቅጠሉ ጠርዝ ደረቀ። መጀመሪያ አፈሩን በጣት ፈትኑ። ደረቅ ከሆነ ውሃ ነው። ጭቃ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ታፍኗል፤ ማጠጣቱን አቁሙና ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጉ።

የፒሩ ወይም የፖሙ ጫፍ በእሳት እንደ ተለበለበ ጠቁሮ እንደ ከዘራ ጎበጠ። ይህ ባክቴሪያ ነው። ከታመመው ቦታ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ፣ በደረቅ ቀን ቁረጡ። በየቁርጡ መካከል መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። የተቆረጠውን ከአካባቢው አርቃችሁ አቃጥሉ።

ብርዱ ሲለቅ ችግኙ ከመሬት ወደ ላይ ተገፍቶ ሥሩ ታየ። አፈር ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ ያደርገዋል። አፈሩ ለስላሳ ሳለ ቀስ ብላችሁ ወደ ቦታው መልሱት፣ አጠጡትና ጉዝጓዝ ጨምሩ።

ቅርፊቱ ዙሪያውን ተልጧል። በአንድ ጎን ቅርፊት ከቀረ እጠሩትና ተዉት፤ ይድናል። ዙሪያውን ካለቀ ላይኛው ክፍል አይተርፍም። ዛፉ ከዘር የበቀለ ኦክ ወይም ቼስትነት ከሆነ በእንቅልፍ ወቅት ከመሬት በላይ በሁለት ጣት ልክ ቁረጡት፤ ሥሩ ጤነኛ ስለሆነ በፀደይ ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ጠንካራውን አንዱን ብቻ አስቀሩና የ6 ሚሊ ሜትሩን ሽቦ በዚያው ቀን አልብሱት። የተዳቀለ ፖም ሆኖ የተላጠው ከጉብታው በታች ከሆነ ግን ንቀሉትና በሚቀጥለው ፀደይ በሌላ ተኩት። ችካሉን አትንቀሉት፣ ቦታው ያው ነው።